ሰዓቱ የሚቆጠረው ከቤት ነው፦ የሕፃናትን ማጅራት ገትር መለየትና መመርመር፣ ከጓሳ ደጋ ሲታይ

ጓሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ደጋ ነው። በበጋ ሌሊቱ ውርጭ፣ ጠዋቱ ቆፈን ነው። በመሐል ሜዳ ዙሪያም ሆነ በግሼ በኩል ሕፃን ልጅ ቆብ አጥልቆ፣ ባና ተደርቦለት፣ በእናቱ ጀርባ ወይም በምድጃው ዳር ይውላል። ለብርዱ ከዚህ የተሻለ መላ የለም። ልጁ በታመመ ጊዜ ግን ሐኪም የሚፈልጋቸው ምልክቶች፣ ማለትም የእርግብግቢት ማበጥ፣ የአንገት መገተር፣ የእጅና የእግር መቀዝቀዝ፣ በቆዳ ላይ የሚወጣ ነጠብጣብ፣ ሁሉም ከቆቡና ከባናው ሥር ተሸፍነው ይቆያሉ።

በባክቴሪያ የሚመጣ ማጅራት ገትር በሰዓታት ውስጥ የሚገድል በሽታ ነው። መድኃኒቱ አለ፤ በአገራችን ጤና ጣቢያዎችም የሚታወቅ ነው። ልጆች የሚሞቱትና ደንቁረው የሚቀሩት በአብዛኛው በሽታው ሳይጠረጠር በሚያልፉት ሰዓታት ምክንያት ነው። በዚህ ዳሰሳ የማነሳው ጥያቄም እሱ ነው፦ በሽታው እንዴት ይጠረጠራል? ጥርጣሬው እንዴት ይረጋገጣል? በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ እንደ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ባሉ ተራራና ገደል በበዛባቸው አገሮች እንዴት ይታጠራል? ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በሽታው እና ጀርሞቹ

አንጎልና ህብለ ሰረሰር በስስ ሽፋኖች ተጠቅልለዋል። በሽፋኖቹ መካከል እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ይዘዋወራል። በአፍንጫና በጉሮሮ የሚኖር ባክቴሪያ ወደ ደም ከገባ በኋላ እዚያ ፈሳሽ ውስጥ ሲደርስ የሚያግደው የሰውነት መከላከያ እምብዛም አያገኝም፤ በፍጥነት ይራባል። ሽፋኖቹ ይቆጣሉ፣ አንጎል ያብጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በ2019 በዓለም ዙሪያ 2.5 ሚሊዮን ያህል ሰው በማጅራት ገትር ታሟል፤ 240,000 ያህሉ ሞቷል። በባክቴሪያ ከሚመጣው ማጅራት ገትር ከስድስት ታማሚ አንዱ ይሞታል፤ ከሚተርፉት ከአምስት አንዱ ከባድ ጉዳት ይዞ ይቀራል። ከፍተኛው አደጋ በሕፃናት ላይ ነው።

ጀርሞቹ በዕድሜ ይለያያሉ። ገና በተወለዱ ጨቅላዎች ላይ የሚበዙት ኢ ኮላይን፣ ክሌብሲየላንና ቡድን ቢ ስትሬፕቶኮከስን የመሳሰሉ በወሊድ ጊዜና ከወሊድ በኋላ የሚገኙ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከጨቅላነት ባለፉ ሕፃናት ላይ ሦስት ስሞች ይደጋገማሉ፦ ኒሞኮከስ፣ ሜኒንጎኮከስ እና ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ቢ። ከሦስቱ ወረርሽኝ የሚያስነሳው በዋናነት ሜኒንጎኮከስ ነው።

ፈረንሳዊው ሐኪም ላፔይሶኒ በ1963 የአፍሪካን የማጅራት ገትር ቀበቶ በካርታ ሲያሳይ ምሥራቃዊ ጫፉ ያረፈው በሱዳን ላይ ነበር። ዛሬ ቀበቶው ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ 26 አገሮችን ያቅፋል። በ1981 እና በ1989 በኢትዮጵያ የተነሱት ወረርሽኞች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ለሕመም ዳርገዋል። በሽታው የሚበረታው አየሩ በሚደርቅበት፣ አቧራ በሚነሳበት፣ ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ተጠጋግቶ በሚያድርበት በበጋው ወቅት ነው። ጓሳ ላይ ይህ ወቅት ከውርጩ ጋር ይገጥማል።

በቤት ውስጥ የሚታየው

ማጅራት ገትር በመማሪያ መጻሕፍት ሦስት ምልክቶች አሉት፦ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የአንገት መገተር። ለአዋቂና ከፍ ላለ ልጅ ይህ ይሠራል። የስምንት ወር ልጅ ግን ራሴን አመመኝ አይልም። አንገቱም ቢሆን ላይገተር ይችላል፤ በተለይ ከአንድ ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት የአንገት መገተር ዘግይቶ የሚመጣ ወይም ጭራሹን የማይታይ ምልክት ነው። አንገቱ እስኪገተር የሚጠብቅ ቤተሰብም ሆነ ባለሙያ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ከረፈደ ነው።

በሕፃን ላይ ቀድሞ የሚታየው የጠባይ ለውጥ ነው። ጡት ሲሰጠው ይይዝና ይተወዋል፤ ከዚያም ጭራሹን አይፈልግም። ያስመልሰዋል። እናቱ ስታቅፈው ዝም ይል የነበረ ልጅ ሲያቅፉት ይብስበታል፤ ማቀፍና ማንቀሳቀስ የተቆጡትን ሽፋኖች ስለሚስብ ያመዋል። ለቅሶው ይቀጥንና ይጮኻል፤ ወይም ያቃስታል። ከዚያ ይፈዛል፦ ዓይኑ ተከፍቶ ሰው አይከተልም፣ ሲጠሩት አይዞርም። ገና ሁለት ወር ባልሞላው ጨቅላ ደግሞ ትኩሳት የግድ አይደለም። ሰውነቱ ከሚገባው በላይ ሊቀዘቅዝም ይችላል። በደጋ አገር የጨቅላ መቀዝቀዝ በብርዱ ስለሚመካኝ ይህ በተለይ መታወቅ አለበት፤ ተጠቅልሎ፣ በእናቱ ገላ ላይ ተለጥፎ የማይሞቅ፣ የማይጠባ ጨቅላ በጠና ታሟል።

እርግብግቢትን መመልከት ማንም እናት የምትችለው ምርመራ ነው። ቆቡ ይውለቅ፤ ቅቤ ተቀብቶ ከሆነም ይጠረግ። ልጁን ቀና አድርጎ መያዝ፣ ለቅሶውን እስኪያቆም መጠበቅ፣ ከዚያ ጣትን በቀስታ ማሳረፍ። በጤነኛ ልጅ ቦታው ከአጥንቱ ጋር ልክ ወይም ጥቂት ገባ ያለ ነው፤ ከጣት ሥር ለስለስ ብሎ ይርገበገባል። ልጁ ዝም ባለበት፣ ቀና ባለበት ሁኔታ ቦታው አብጦና ተወጥሮ ከተገኘ በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት ጨምሯል ማለት ነው። ልጅ ሲያለቅስ ወይም ተጋድሞ ሲታይ ጤነኛም ቢሆን ሊያብጥ ስለሚችል ነው መጠበቁ። እርግብግቢት በአብዛኛው በአንድ ዓመትና በአንድ ዓመት ተኩል መካከል ስለሚገጥም ከዚያ በኋላ ይህ ምርመራ የለም።

በ2006 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ሜኒንጎኮከስ የያዛቸውን 448 ልጆች የሕመም ሰዓታት አንድ በአንድ ተከታትሏል። ከአራት ልጆች ሦስቱ ገደማ በአማካይ በስምንተኛው ሰዓት ላይ የእግር ሕመም፣ የእጅና የእግር መቀዝቀዝ ወይም የቆዳ መልክ መለወጥ ታይቶባቸው ነበር። የአንገት መገተርና ነጠብጣብ የመጡት ብዙ ቆይተው ነው፤ ልጆቹ ሆስፒታል የተኙት ደግሞ በአማካይ በ19ኛው ሰዓት። ይህ ሆስፒታል ቅርብ በሆነበት አገር የሆነ ነው። ጓሳ ላይ እጅና እግር መቀዝቀዙ የዕለት ተዕለት ነገር ስለሆነ ምልክቱ የሚነበበው ከገላው ጋር ተነጻጽሮ ነው፦ ደረቱና ሆዱ እየነደደ እጅና እግሩ በረዶ የሆነ ልጅ በብርድ አልቀዘቀዘም፤ ደሙ ወደ ዳር አካሉ መድረስ አቅቶታል።

ነጠብጣቡም እንዲሁ ነው። በጠይም ቆዳ ላይ ቀይ ወይም ሐምራዊ ነጠብጣብ በቀላሉ አይታይም። የእጅ መዳፍና የእግር ውስጥ፣ የዓይን ቆብ ሲገለበጥ የሚታየው ቀይ ክፍልና ላንቃ መታየት አለባቸው። በብርጭቆ ጎን ሲጫኑት የማይጠፋ ነጠብጣብ ከትኩሳት ጋር ከመጣ ለጥርጣሬ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ምልክቶቹ ምን ያህል ይታመናሉ?

ሐኪሞች ለዚህ በሽታ ሁለት ዝነኛ ምልክቶችን ይፈትሻሉ። ከርኒግ በ1882 ያስተዋለው የታጠፈ ጉልበትን ለመዘርጋት ሲሞከር የሚመጣውን ሕመምና መገታት ነው፤ ፖላንዳዊው የሕፃናት ሐኪም ብሩድዚንስኪ በ1909 የጻፈው አንገት ሲታጠፍ ጉልበት አብሮ መታጠፉን ነው። በ2002 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በአዋቂዎች ላይ ሲፈትናቸው ሁለቱም ከመቶ ታማሚ አምስቱን ብቻ ለዩ፤ የአንገት መገተር ራሱ የለየው ከመቶ 30ውን ነበር። ምልክቱ ሲገኝ ዋጋ አለው። አለመገኘቱ ግን ማንንም ነጻ አያደርግም።

ለእኛ የሚቀርበው ማስረጃ የኬንያው ነው። በኪሊፊ የገጠር ሆስፒታል የሠሩ ተመራማሪዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናትን ተከታትለው በ2004 ያሳተሙት ውጤት ለማጅራት ገትር የሚጠቁሙትን ምልክቶች ለይቷል፦ የእርግብግቢት ማበጥ፣ የአንገት መገተር፣ የከንፈርና የምላስ መጥቆር፣ የንቃት መቀነስ፣ በአንድ ጎን የሚጀምር መንቀጥቀጥ፣ እንዲሁም ከስድስት ወር በታች ወይም ከስድስት ዓመት በላይ ባለ ልጅ ላይ የመጣ መንቀጥቀጥ። ከእነዚህ አንዱ የታየበትን ልጅ ሁሉ የጀርባ ውሃ፣ ማለትም ከወገብ የሚቀዳውን ፈሳሽ፣ መመርመር ከአምስት ታማሚዎች አራቱን ያህል ይይዛል። አምስተኛው ግን ያመልጣል፤ ስለዚህ ያላገገመ ልጅ በድጋሚ መታየት አለበት።

የአገራችን የተቀናጀ የሕፃናት ሕመም ሕክምና መመሪያ በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ላለ ባለሙያ የሚሰጠው መመሪያ በዚሁ መንፈስ የተቀረጸ ነው። መጠጣት ወይም መጥባት ያቃተው፣ የገባለትን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የተንቀጠቀጠ፣ የፈዘዘ ወይም ራሱን የሳተ ልጅ አደገኛ ምልክት አለበት። ትኩሳት ኖሮት ከእነዚህ አንዱ ወይም የአንገት መገተር ከታየበት በጣም ከባድ የትኩሳት ሕመም ተብሎ ይመደባል፤ የመጀመሪያው መድኃኒት ተሰጥቶት በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ይላካል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ማጅራት ገትር መሆኑን እንድታረጋግጥ አይጠበቅባትም። የሚጠበቅባት አለመጠበቅ ነው።

የሚያሳስቱ ሕመሞች

በትኩሳት የተንቀጠቀጠ ልጅ ሁሉ ማጅራት ገትር አልያዘውም። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ትኩሳት ብቻውን ሊያንቀጠቅጥ ይችላል። እንዲህ ያለው መንቀጥቀጥ መላ ሰውነትን የሚይዝ፣ ከ15 ደቂቃ የማይበልጥ፣ በዚያ ዕለት የማይደገም ነው፤ ሲያበቃም ልጁ ጥቂት አርፎ ወደ ጤናማ ንቃቱ ይመለሳል። ከመንቀጥቀጡ በኋላ ያልነቃ ልጅ ሌላ ነገር አለበት።

ወባ ሌላው ነው። የጓሳ ከፍታ ለወባ ትንኝ አይመችም። መርሐቤቴ ወደ ጀማና ወንጪት ሸለቆ ሲወረድ፣ ከመንዝም ወደ ሸዋ ሮቢትና ኤፍራታ ቆላ ሲወረድ ግን ወባ አለ፤ ቤተሰብ ለሥራና ለዘመድ ጥየቃ ይወርዳል፣ ይወጣል። ስለዚህ ባለሙያው ልጁ በቅርቡ ቆላ ወርዶ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። የወባ ምርመራው ወባ ቢያሳይም ራሱን የሳተ ልጅ ላይ ማጅራት ገትርን ከጥርጣሬ አያወጣም፤ ሁለቱ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። በደጋው ደግሞ በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና ግርሻ በትኩሳትና በራስ ምታት ይመሳሰላሉ። የሳንባ ምችም ሕፃንን ከጡት ይለያል፤ ሆኖም ፈጣን አተነፋፈስ ታይቶ የሳንባ ምች ነው የተባለ ልጅ ከፈዘዘ ምርመራው እንደገና መጀመር አለበት። የሳንባ ነቀርሳ የሚያመጣው ማጅራት ገትር በቀናትና በሳምንታት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው፤ በቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚያስል ሰው መኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከበሽታዎቹ ሌላ ቤተሰቡ ራሱ ለሕመሙ የሚሰጠው ትርጉም አለ። ትኩሳቱ ምች ይባላል፤ መንቀጥቀጡ ልክፍት ይባላል። መጥባት ማቆሙና ማስመለሱ በአንዳንድ ቦታ ግግ ወይም እንጥል ነው ተብሎ ልጁ ለስለት ይቀርባል። ግግ ማስወጣትና እንጥል ማስቆረጥ ደም ያፈሳል፣ ተጨማሪ ጀርም ያስገባል፣ ከሁሉ በላይ ውድ ሰዓታትን ይወስዳል፤ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ጠበልን በተመለከተ ግን ቤተሰብን ከእምነቱ ጋር ማጣላት አያስፈልግም። ልጁ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ጸሎቱም ጠበሉም ይከተላሉ። ይህን የንስሐ አባት ለቤተሰቡ ሲነግሩት ከማንኛውም ባለሙያ ምክር በላይ ይሰማል።

የጀርባ ውሃ

ጥርጣሬ የሚረጋገጠው ከወገብ በሚቀዳው ፈሳሽ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ኩዊንከ በ1891 ካስተዋወቀው ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም። ቤተሰብ በብዙ ቦታ ይህን ምርመራ ይፈራል፤ የጀርባ ውሃ የተቀዳ ልጅ ሽባ ይሆናል ወይም አይተርፍም ሲባል መስማት የተለመደ ነው። ፍርሃቱ ከየት እንደሚመጣ መረዳት አይከብድም፦ ምርመራው የሚደረገው በጠና ለታመሙ ልጆች ስለሆነ ከእነሱ የሚሞት አለ፤ ሞቱም በመርፌው ይመካኛል።

ለቤተሰብ መነገር ያለበት እንዲህ ነው። ልጁ በጎኑ ይተኛል፤ ጉልበቱ ወደ ሆዱ፣ አገጩ ወደ ደረቱ ይታጠፋል፤ ነርሷ አቅፋ ትይዘዋለች። ሐኪሙ የሁለቱን ዳሌ አጥንቶች ጫፍ ዳስሶ፣ በእነሱ መስመር በታችኛው ወገብ ላይ በሁለት የአከርካሪ አጥንቶች መካከል ቀጭን መርፌ ያስገባል። ህብለ ሰረሰር ከዚያ ቦታ በላይ ስለሚያበቃ መርፌው አይነካውም። የሚወሰደው ጥቂት ሚሊ ሊትር ነው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ፈሳሽ ያመርታል፤ ሕፃኑም የተወሰደበትን በሰዓታት ውስጥ ይተካል።

ምርመራው የማይደረግበት ጊዜም አለ፦ ልጁ ለመተንፈስ የሚታገል ወይም የደም ዝውውሩ የተዳከመ ከሆነ፣ የዓይኑ ብሌኖች እኩል ካልሆኑ፣ በጥልቅ ራሱን ከሳተ፣ በወገቡ ቆዳ ላይ ቁስል ካለ ወይም ደሙ የማይረጋ ከሆነ። ያኔ መድኃኒቱ ይጀመራል፤ ምርመራው ልጁ እስኪረጋጋ ይቆያል። ከዚህ ውጭ ላሉት ሕፃናት የሲቲ ስካን አለመኖር ምርመራውን ለመተው ምክንያት አይሆንም።

ፈሳሹ የሚናገረው

የመጀመሪያው ውጤት በዓይን የሚታይ ነው። የመስታወት ቱቦውን ከታተመ ወረቀት ፊት ይዞ መመልከት በቂ ነው። ፈሳሹ የጠራ ከሆነ ፊደሎቹ ጥርት ብለው ይነበባሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ከበዙበት ይደፈርሳል፣ ፊደሎቹም ይደበዝዛሉ። የደፈረሰ ፈሳሽ ሲታይ ላቦራቶሪ እስኪመልስ መጠበቅ አያስፈልግም። የጠራ መሆኑ ግን ዋስትና አይደለም፤ ፈሳሽ የሚደፈርሰው ሕዋሳቱ በሚሊ ሜትር ኩብ ከ200 ሲያልፉ ነውና።

በአጉሊ መነጽር የሚደረገው ቆጠራ ቀጣዩ ነው። ከጨቅላነት ያለፈ ጤነኛ ልጅ ፈሳሹ ውስጥ ከአምስት የማይበልጥ ነጭ ሕዋስ ይኖረዋል፤ በባክቴሪያ ሲጠቃ በመቶዎችና በሺዎች ይቆጠራል፣ አብዛኛዎቹም ኒውትሮፊል የሚባሉት ናቸው። ስኳሩ ይወርዳል፣ ፕሮቲኑ ይጨምራል። ስኳሩ በዚያው ሰዓት ከተወሰደ የደም ስኳር ጋር ካልተነጻጸረ ትርጉሙ ያሳስታል፤ ከደሙ ከመቶ 40 በታች መሆኑ ለባክቴሪያ ይመሰክራል። የግራም ቀለም ምርመራ ጀርሙን ራሱን ያሳያል፤ ርካሽ ነው፣ በደቂቃዎች ያልቃል፣ በሠለጠነ እጅ መድኃኒት ካልጀመሩ ታማሚዎች አብዛኛዎቹን ይለያል። የሕዋስ ቆጠራና የግራም ቀለም ማይክሮስኮፕ ባለበት ሆስፒታል ሁሉ፣ ሌሊትም ሆነ በበዓል፣ መሠራት አለባቸው።

ካልቸር ጀርሙን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይነግራል። እዚህ ላይ ደጋው የራሱ ፈተና አለው። ለካልቸር የሚላክ ፈሳሽ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም፤ ሜኒንጎኮከስና ሄሞፊለስ ቅዝቃዜ አይችሉም። የውርጭ ሌሊት በመኪና ጋቢና ውስጥ ያደረ ቱቦ ፍሪጅ ውስጥ ከገባ ቱቦ አይለይም። ስለዚህ ናሙናው በሰው ገላ አጠገብ፣ በውስጥ ኪስ ተይዞ ይጓዝ፤ ሩቅ የሚሄድ ከሆነም ትራንስ አይሶሌት በተባለው ማቆያ ውስጥ ይግባ። የሕዋስ ቆጠራው ግን ባለበት ቦታ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሠራ፤ ሕዋሳቱ በቱቦው ውስጥ ይፈርሳሉና።

ፒሲአር የሞተ ጀርምም ቢሆን አሻራውን ያገኛል። በጅማ፣ በጎንደርና በሐዋሳ ሆስፒታሎች የተሠራ ጥናት በዚህ ዘዴ ካልቸር ያላገኛቸውን ጀርሞች ማግኘት እንደሚቻል አሳይቷል። እዚያው ጥናት ላይ የታየው ሌላው እውነት፣ በባክቴሪያ ማጅራት ገትር ተጠርጥረው መድኃኒት ከሚወስዱት ብዙዎቹ ባክቴሪያው እንደማይገኝባቸው ነው። ያለ ምርመራ የሚሰጥ ሕክምና ሁለት ዋጋ ያስከፍላል፦ ያልታመመውን ልጅ ለቀናት አልጋ ላይ ያስራል፣ የታመመውን ደግሞ ምን እንደያዘው ሳናውቅ ያስቀረናል።

የመድኃኒቱ መርፌ ይቅደም ወይስ ምርመራው?

አንቲባዮቲክ ከተሰጠ በኋላ ሜኒንጎኮከስ ከፈሳሹ በሁለት ሰዓት ገደማ ሊጠፋ ይችላል፤ ኒሞኮከስ ጥቂት ይዘገያል። ይህን ይዘው ምርመራው እስኪደረግ መድኃኒቱ ይቆይ የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ምርመራውና መርፌው በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ በሚደረጉበት ሆስፒታል ምርመራው ይቅደም። ከሆስፒታል ሰዓታት በራቀ ጤና ጣቢያ ግን ይህ ምክር ልጅ ይገድላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2025 ያወጣው መመሪያም የጀርባ ውሃ ምርመራ ቢቻል ከመድኃኒት በፊት ይሁን፣ ነገር ግን መድኃኒቱን አያዘግይ ይላል። መርፌው ካልቸሩን ቢያበላሽም የሕዋስ ቆጠራውና ፕሮቲኑ ለቀናት መመስከራቸውን ይቀጥላሉ፤ የተሰጠው መድኃኒትና ሰዓቱ በሪፈር ወረቀቱ ላይ መጻፍ ያለበት ለዚህ ነው።

ከጨቅላነት ላለፉ ሕፃናት ሴፍትሪያክሶን፣ ለጨቅላዎች አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን ዋነኞቹ መነሻዎች ናቸው። የሕክምናው ርዝመት በጀርሙ ይወሰናል። ማላዊን ጨምሮ በአምስት አገሮች 1004 ሕፃናትን ያካተተና በ2011 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በአምስተኛው ቀን የተረጋጉ ልጆች እዚያው ቢያቆሙም አሥር ቀን ከወሰዱት የከፋ ነገር አልገጠማቸውም። እብጠት የሚቀንሰው ዴክሳሜታሶን በሀብታም አገሮች የመስማት ጉዳትን ይቀንሳል ቢባልም በ2002 በማላዊ 602 ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት ጥቅም አላገኘበትም። በአራት የአገራችን የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ከልጅነት ያለፉ ታማሚዎችን መዝገብ የፈተሸ ጥናትም ያለማስረጃ መሰጠቱን ጠይቋል። ውሳኔው ለሐኪሙ ይተው፤ ሐኪሙ በደንብ እንዲወስን ግን የፈሳሹ ውጤት በእጁ መኖር አለበት።

ወደ ሆስፒታል ሲላክ በመንገድ ላይ ልጁ በጎኑ ይተኛ፤ እንዳይታነቅ። ንቁ ከሆነ ጡት ይሰጠው፤ የደም ስኳሩ ሊወርድ ይችላልና። ይሙቅ፣ ነገር ግን ፊቱ አይሸፈን፤ አተነፋፈሱና ንቃቱ መታየት አለባቸው።

ክትባት የለወጠው፣ ያልለወጠውም

ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ቢን የሚከላከለው ባለ አምስት ክትባት በ2007፣ የኒሞኮከስ ክትባት በ2011 በመደበኛው የአገራችን የክትባት ፕሮግራም ገብተዋል፤ ሁለቱም በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ይሰጣሉ። ከ2013 እስከ 2015 በተደረገው ዘመቻ ከ1 እስከ 29 ዓመት ያለው የኅብረተሰብ ክፍል በዙር በዙር የሜኒንጎኮከስ ኤ ክትባት የሆነውን ሜንአፍሪቫክን ተከትቧል። ከ2017 ወዲህ በቀበቶው አገሮች ውስጥ የሜኒንጎኮከስ ኤ የተረጋገጠ ታማሚ አልታየም። ይህ በአፍሪካ የኅብረተሰብ ጤና ታሪክ ትልቅ ድል ነው።

ድሉ ግን ንቃትን ሊያዘናጋ አይገባም። ሲ፣ ደብልዩና ኤክስ የተባሉት የሜኒንጎኮከስ ዝርያዎች አሉ፤ በኒሞኮከስ ክትባት ውስጥ ያልተካተቱ ዝርያዎችም አሉ። የክትባት ካርዱ የተሟላ ልጅ አደጋው ይቀንስለታል፤ ከጥርጣሬ ግን አይወጣም። ኤ፣ ሲ፣ ደብልዩ፣ ዋይና ኤክስን በአንድ ላይ የሚከላከለው አዲሱ ክትባት በ2024 በመጀመሪያ የተሰጠው በናይጄሪያ ነው። የትኛው ክትባት የት እንደሚያስፈልግ የሚያሳየው ደግሞ የጀርባ ውሃ ውጤት ነው። መሐል ሜዳ ላይ ከአንድ ልጅ የሚቀዳው ፈሳሽ ለልጁም፣ ለአገሩም መረጃ ነው።

ወረርሽኝ የሚለየው ግን በተጠርጣሪዎች ቁጥር ነው። ከ30,000 በላይ ነዋሪ ባለው ወረዳ በሳምንት ከ100,000 ሰው ሦስት ተጠርጣሪ ሲገኝ ማስጠንቀቂያ፣ አሥር ሲገኝ ወረርሽኝ ይባላል። ከዚያ ባነሰ ሕዝብ ሁለት ተጠርጣሪ በአንድ ሳምንት ለማስጠንቀቂያ፣ አምስት ለወረርሽኝ ይበቃል። በተራራ ለተከፋፈሉ ቀበሌዎች ይህ ሁለተኛው መለኪያ ወሳኝ ነው፦ በአንድ ሳምንት ሁለት ልጅ በአንገት መገተርና በትኩሳት ከታመመ ወሬው ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት በዕለቱ መድረስ አለበት።

ከዳነ በኋላ

ከሆስፒታል የወጣ ልጅ ሕክምናው አላለቀም። ትልቁ ድብቅ ጉዳት የመስማት ነው። ልጁ ከመውጣቱ በፊት ወይም በአራት ሳምንት ውስጥ መስማቱ ይመርመር፤ ሲጠሩት የማይዞር፣ የጀመረውን ቃል የተወ ልጅ ግትር ወይም ፈዛዛ ተብሎ እንዳይቀር። የራስ ቅሉ መጠን እየጨመረ እንደሆነ መለካት፣ መንቀጥቀጥ እንዳልቀረበት መጠየቅ፣ እድገቱን መከታተል ለጤና ጣቢያው የሚቀሩ ሥራዎች ናቸው።

ከዳሰሳው የሚወጣው

ማስረጃዎቹ ተደምረው ሲታዩ ሦስት ነገሮች ይጸናሉ። አንደኛ፣ በሕፃን ላይ አንድም ምልክት ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም፣ አንድም ምልክት ባለመኖሩ በሽታውን አያስቀርም፤ ትኩሳት ያለበት ልጅ ጠባዩ ከተለወጠ ያ በራሱ ለመነሣት በቂ ምክንያት ነው። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው መርፌ ልጁ በደረሰበት የቅርብ ጤና ተቋም መሰጠት አለበት። ሦስተኛ፣ መርፌው መሰጠቱ የጀርባ ውሃ ምርመራን አይተካም፤ ሆስፒታል ሲደርስ መሠራት አለበት።

በእነዚህ ሦስት መካከል ያለው መንገድ የመንደሩ ጉዳይ ነው። ከመሐል ሜዳ ሆስፒታል እስከ ደብረ ብርሃን ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከጎጆ እስከ መኪና መንገድ ያለው ደግሞ በእግር ነው። የጓሳ ማኅበረሰብ ለዘመናት በቄሮ ሥርዓት ሣሩ መቼ እንደሚዘጋ፣ መቼ እንደሚታጨድ በጋራ ወስኖ ያስከበረ ሕዝብ ነው። በሌሊት ለታመመ ልጅ ቃሬዛውን ማን እንደሚሸከም፣ የማን በቅሎ እንደምትጫን፣ አምቡላንስ የሚጠራው ስልክ በማን እጅ እንዳለ፣ የትራንስፖርቱ ገንዘብ ከየትኛው ዕድር እንደሚወጣ በጋው ሳይገባ መወሰን ለእንዲህ ያለ ሕዝብ የሚከብድ አይደለም። ላቦራቶሪውን ማሟላት፣ ለሌሊት ተረኛ ባለሙያ መመደብና መድኃኒቱ እንዳይጠፋ ማድረግ የመንግሥት ኃላፊነት ነው። ሁለቱ ወገኖች የየድርሻቸውን ሲወጡ ጓሳ ላይ የተወለደ ልጅ በዚህ በሽታ የመዳን ዕድሉ ሆስፒታል አጠገብ ከተወለደው ልጅ ጋር ይቀራረባል፤ ሊሆን የሚገባውም ይኸው ነው።